ያየናቸው 11 ቤቶች

ከሰዓት በኋላ ጀምሮ ሲያወርደው ዋለ። ቆርቆሮው ላይ የሚንጣጣው ዝናብ እርስ በርስ ስለማያሰማማ ቤቱ ሁሉ ዝም ብሏል። ባለቤቴ ተኝቷል። እኔ ቀዩን ደብተር አውጥቼ ከጥር ወዲህ የጻፍኩትን እያነበብኩ ነው። ግማሹ ለራሴም አይነበበኝም፤ ባጃጅ ላይ ሆኜ የጫርኩት ነው።

ጅማ፣ መንቲና ሰፈር ውስጥ 12 ዓመት የኖርንበት ቤት አከራያችን ታኅሣሥ ላይ ጠርተው «ልጄ ሊያገባ ነው» አሉን። ደግ ሴት ናቸው፤ እስከ መስከረም ጊዜ ሰጡን። ያን ሌሊት ባለቤቴ ሁለቱን ባጃጆች ለመሸጥ ቆረጠ፣ እኔም ያጠራቀምኩትንና የዕቁቡን ደመርኩ። ስንት እንደሆነ እዚህ አልጽፍም፤ ይህን ደብተር ልጆቹ ያገኙታል። ቤት የሚገዛ ብር ነው፤ የተመኘነውን ቤት ግን የሚገዛ አይደለም።

የመጀመሪያው ገጽ ላይ የምንፈልገውን ዘርዝሬያለሁ። ሦስት መኝታ ቤት፣ የራሱ ቆጣሪ፣ ከ150 ካሬ የማያንስ፣ ለማስተምርበት ትምህርት ቤት በእግር የሚደረስ። ባለቤቴ ከሥር በራሱ እጅ «መኪና የሚያስገባ በር» ብሎ ጨምሯል። መኪና የለንም። ያሉንን ባጃጆችም ልንሸጥ ነበር።

1 ቁጥር ላይ «ጨለማ» ብቻ ይላል። ምን እንደነበረ አላስታውስም።

2 ቁጥርን ግን አልረሳትም። ፈረንጅ አራዳ፣ ጣልያን የሠራው የድንጋይ ቤት፣ ሰፊ በረንዳ፣ ሲራመዱበት የሚያስተጋባ የጣውላ ወለል። ደላላው ዋጋውን ሲነግረን ባለቤቴን በክርኔ ነካሁት፤ እንዲህ ያለ ቤት በዚህ ብር? ውስጡን ዞረን ስንጨርስ «ካርታው የታለ?» አልኩ። ደላላው ዞር አለና «ካርታ እንኳ የለውም፣ የቀበሌ ቤት ነው፤ ሰውየው ቁልፉን ነው የሚለቅላችሁ» አለን። በ1967 በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤት ሁሉ ተወርሶ ለኪራይ የተሰጠ መሆኑን እኔ ልጅ ሆኜ ከአባቴ አፍ ሰምቻለሁ። እስከ ዛሬ ያ ቤት እየተከራየ ይኖራል፣ ሰው ደግሞ በላዩ ላይ «ቁልፍ» ይሸጣል። መንግሥት ነገ ውጡ ቢለን ማንን ልንከስ? ሰላም ብለን ወጣን። በረንዳዋ ግን እስካሁን በሕልሜ ትመጣለች።

3 ቁጥር የጋራ ቆጣሪ፣ የጋራ ሽንት ቤት፣ የጋራ ጠብ። ገና በሩ ላይ ቆመን ሁለት ሴቶች ስለ መብራት ሒሳብ ሲሟገቱ ሰማን፤ ሳንገባ ተመለስን።

አክስቴ ከአጋሮ የመጣችው 4 ቁጥርን ያየን ቀን ነው። ወደ ቦዬ በሚወርደው ሰፈር፣ የብሎኬት ቤት፣ ኮርኒሱ አዲስ ችፑድ፣ ወለሉ ሴራሚክ። ጥር ላይ ነበርን፣ መሬቱ ደረቅ፣ ሰማዩ ጥርት ያለ። አክስቴ ሳሎኑ መሃል ቆማ እጇን ዘረጋችና ጮክ ብላ «ቤት ለእንቦሳ!» አለች። ደላላው ፈጥኖ «እንቦሳ እሰሩ!» ሲል ሻጩም ፈገግ አለ። ከዚያች ደቂቃ በኋላ ዋጋው አንድ ብር አልቀነሰም። ወደ ቤት ስንመለስ ባለቤቴ አክስቴን «እትዬ፣ እባክሽ፣ ስሙ እስኪዞር ድረስ ይህን ቃል ከአፍሽ አታውጪ» ብሎ ለመናት። ሳቀች እንጂ ቃል አልገባችም።

ይህን ቤት ለመጣል ሦስት ወር ፈጀብን፤ የጣለችውም እሷው አክስቴ ናት። ያኔ ሳሎኑ ውስጥ ስትጮህ ዓይኗ የት እንደነበረ ማን ያውቃል። ማታ ቡና እያፈላች «የግድግዳው ቀለም ከጉልበት በታች አዲስ ነው፣ ከጉልበት በላይ አሮጌ ነው፤ አላያችሁም?» አለች። አላየንም። ሚያዝያ ላይ ዝናቡ ሲገባ ባለቤቴን ብቻውን ላኩት። ቦት ጫማ ተውሶ ሄደና ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ ተመለሰ። አጥሩ ጥግ ውሃ ተኝቶ፣ የሽንት ቤቱ ጉድጓድ ሞልቶ፣ ልጆች የፕላስቲክ ጠርሙስ እያንሳፈፉ ይጫወቱበት ነበር። ቦዬ ረግረግ መሆኑን የማያውቅ የጅማ ሰው የለም፤ ግን በጥር ፀሐይ ማንኛችን እናስታውሰው? እዚህ ዝናቡ መጋቢት ላይ ይጀምርና እስከ ጥቅምት ይወርዳል፤ ቤት የሚሸጥ ሰው ደግሞ ከኅዳር እስከ የካቲት ያሳያል። ሻጩን አልወቅሰውም። እኔም ብሆን ቀለም ቀብቼ በጥር አሳይ ነበር።

5 ቁጥር ምስጥ። ማገሩን በጣቴ ስነካው ዱቄት ሆኖ ፈሰሰ። የበር ጉበኑን ባለቤቴ ሲጫነው እንደ ዳቦ ገባለት። ሻጩ «ይታደሳል» አለን።

6 ቁጥር ላይ ብዙ ገጽ ጽፌያለሁ።

ጊንጆ፣ የሐጂ ቤት። የጭቃ ቤት ነው፣ ግን ልስኑ እንደ እንቁላል የለሰለሰ፣ ውሃ ልኩ ከፍ ያለ የድንጋይ። 250 ካሬ። ጓሮው ውስጥ ሁለት አቮካዶና አንድ የቡና ረድፍ አለ። ውሃ በፈረቃ ቢሆንም ሮቶው ትልቅ ነው፤ ከበር እስከ ትምህርት ቤቴ 15 ደቂቃ በእግር ለካሁት። ሐጂ ከአልጋ አይነሱም፤ ቤቱን የሚሸጠው በአባቱ ውክልና የበኩር ልጃቸው ነው።

ሦስት ጊዜ ሄድን። በሄድን ቁጥር እናትየው «ኮታ፣ ታኣ»፣ ኑ ተቀመጡ እያሉ በርጩማ አስጠግተው ቡና ያፈሉልናል። አማርኛ ብዙም አይናገሩም፣ ባለቤቴ በኦሮምኛ ያጫውታቸዋል፣ እሳቸውም ሲስቁ እጃቸውን አፋቸው ላይ ያደርጋሉ። እኔ ያን ቤት ወድጄ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ሴትየዋን ወድጄ ነበር። ደብተሬ ላይ «ቡናው ውስጥ ጤና አዳም» ብዬ ጽፌያለሁ፣ ለቤት ምርጫ ምን እንደሚጠቅም እንጃ።

ሦስተኛው ቀን አክስቴም አብራን ነበረች። አቦሉ ተጠጣ፣ ቶናው ቀረበ። ባለቤቴ ቶናውን ጨርሶ ከኪሱ ሜትር አወጣና የሳሎኑን ግድግዳ መለካት ጀመረ። እናትየው ጀበናውን እሳቱ ላይ እንዳደረጉ ቀና ብለው አዩት። ከዚያ ወደ አክስቴ ጠጋ ብለው በኦሮምኛ የሆነ ነገር ጠየቋት። አክስቴ መልስ ከመስጠቷ በፊት ወደኔ ዞረች፤ ፊቷ ተለዋውጦ ነበር። «ለልጅቷ ሽማግሌ ሆናችሁ የመጣችሁ መስሏቸው ነው» አለችኝ በሹክሹክታ። ልጅቷ የልጅ ልጃቸው ናት፣ ዘንድሮ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰች። ሦስት ጊዜ ቡና ያፈሉልን ለዚያ ነው። ቤቱ እንደሚሸጥ ማንም አልነገራቸውም።

አክስቴ ምን ብላ እንደነገረቻቸው ሙሉውን አልሰማሁም። እናትየው አልጮኹም፣ አላለቀሱም። ጀበናውን ከእሳቱ ላይ አነሱና መሬት ላይ አስቀመጡት። በረካው አልተቀዳም። ባለቤቴ ሜትሩን እየጠቀለለ ግድግዳው ሥር ቆሟል፤ ትንሿ የብረት ጫፍ ስትመለስ «ጧ» አለች፣ ሁላችንም ደነገጥን።

ልጃቸው ውጭ ድረስ ተከትሎን መጣና «እሷን ለእኔ ተዉልኝ፣ ትፈርማለች፤ እናንተ ቀብዱን አምጡ» አለን። የባልና ሚስት የጋራ ቤት ያለ ሁለቱም ፈቃድ እንደማይሸጥ እሱም ያውቃል፣ እኛም እናውቃለን። ማታ ባለቤቴ ቀብዱን ስለመክፈል ሲያወራ «ቀብድ ተቀባይ ውሉን ቢያፈርስ እኮ እጥፉን ነው የሚመልሰው፤ ምን እንጎዳለን?» አለኝ። ሕጉን ልክ ይዞታል። እኔ ግን ያ እጥፍ ከየት እንደሚመጣ አሰብኩ፤ ከእሳቸው ሳሎን ነው የሚመጣው። ተከራከርን። ልጆቹ እስኪነቁ ድረስ ተከራከርን። «ሌላ ሰው ይገዛዋል እንጂ እሳቸው እዚያ አይቀሩም» ያለኝ እስከ ዛሬ መልስ አላገኘሁለትም። ቤቱን ግን አልገዛንም።

ከዚያ በኋላ ለሁለት ሳምንት ደብተሩ ባዶ ነው።

7 እና 8ን በአንድ ቀን አየን፣ ሐሙስ፣ የሄርማታ ገበያ ሰው መንገዱን ሞልቶት። 7 ሰነድ አልባ። 8 ካርታ ነበረው፣ ግን ካርታው ላይ ያለው 200 ካሬ መሬት ላይ ሲለካ 160 ሆነ፤ 40 ካሬው የጎረቤቱ አጥር ውስጥ ነው። ጎረቤቱ ውሻ አለው።

በዚህ መሃል አንድ ነገር ለመድኩ፤ ቤቱን ከማየቴ በፊት ሱቅ እገባለሁ። አንድ ሳሙና ገዝቼ ባለሱቋን ውሃው በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ፣ ማታ ባጃጅ ይገባ እንደሆነ፣ ዕድሩ ስንት እንደሚያስከፍል እጠይቃታለሁ። ደላላ በሁለት ሰዓት የማይነግረኝን በአንድ ሳሙና አገኛለሁ። አሁን ቤታችን ውስጥ ለዓመት የሚበቃ ሳሙና አለ።

9 ቁጥር ወደ ጅሬን በሚወጣው ዳገት ላይ ናት። ያላለቀች ቤት። ብሎኬቱ ቆሟል፣ ቆርቆሮው ተመቷል፤ በር የለ፣ መስኮት የለ፣ ልስን የለ። መጀመሪያ ያየኋት ቀን «አይሆንም፣ ሩቅ» ብዬ ሰርዣታለሁ፤ ስረዛው ይኸው ይታያል፣ ሁለት መስመር። ለትምህርት ቤቴ በእግር አይደረስም፣ ዳገቱ ለባጃጅ ተጨማሪ ብር ነው። ባለቤቴ ግን ከላይ ከተማዋን ቁልቁል እያየ «ዳግማዊ አባ ጅፋር ከ50 ዓመት በላይ የነገሡ ሰው ናቸው፤ ቤተ መንግሥታቸውን እዚህ ኮረብታ ላይ ሠርተው ረግረጉን ለእኛ የተዉልን ዝም ብሎ ይመስልሻል?» አለኝ። ሳቅሁ። ስረዛውን ግን አላነሳሁም።

10ን እና 11ን ያየነው ለግትርነት ነው፤ አሥሩን ያየ ሰው አሥራ አንደኛውን ሳያይ አይተኛም። አንዱ ውድ፣ አንዱ ደግሞ ከወፍጮ ቤት አጠገብ።

ግንቦት መጀመሪያ ላይ ማዘጋጃ ቤት ሄድን፣ የ9 ቁጥርን ፋይል ለመጠየቅ። ካርታው በኦሮምኛ ነው፣ ባለቤቴ መስመር በመስመር አነበበልኝ። ነባር ይዞታ ነው፣ በሊዝ ያልተያዘ የቆየ ቦታ። ሠራተኛው እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ እያንከባለለ፣ በውርስ ካልሆነ በቀር ነባር ይዞታ ላይ ያለ ቤት ለሌላ ሰው ሲተላለፍ ገዢው ቦታውን የሚይዘው በሊዝ እንደሆነ አስረዳን፤ ለመኖሪያ እስከ 99 ዓመት። ባለቤቴ «ታዲያ ይህን ሁሉ ብር የምንከፍለው ለምኑ ነው?» አለ። «ለቤቱ። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ እናንተ የምትገዙት ቤቱን ነው» አለን። ቤቱ ደግሞ በርና መስኮት የለውም! ሦስታችንም ሳቅን፣ ሠራተኛው ከእኛ በላይ ሳቀ። ከዕዳና ከእገዳ ነጻ መሆኑን የሚገልጽ ወረቀት ለማግኘት ቀጠሮ ሰጠን። ሻጩ «እስከዚያው በሦስት ምስክር እንጻጻፍ» ብሎ ነበር፤ የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል ካልተመዘገበ ዋጋ እንደሌለው የሚናገረውን የፍትሐ ብሔር ሕጉን 1723 አንቀጽ ትምህርት ቤት አብሮኝ የሚሠራ መምህር ነግሮኝ ስለነበር እንቢ አልኩ። ሻጩ ቅር አለው። ምስክሮቹም ቅር አላቸው፣ ምሳ ይጠብቁ ነበር መሰለኝ።

ትናንት፣ በዚህ ዝናብ፣ ሁለታችንም አክስቴም ተያይዘን ወጣን። ዝናብ የወረደበትን ሳላይ እንደማልፈርም ነግሬያቸዋለሁ። ባጃጁ ዳገቱን ግማሽ ድረስ ወስዶ «ከዚህ በላይ አልችልም» አለን፣ የቀረውን በእግር ወጣን። ጭቃው ጫማዬን አንዴ ወስዶብኛል። አሸንዳ ስለሌላት ውሃው ከቆርቆሮው ጠርዝ ላይ እንደ መጋረጃ ይወርዳል፤ ከታች ግን አይተኛም፣ ቦዩን ይዞ ቁልቁል ይሄዳል። ባለቤቴ በየክፍሉ እየገባ ግድግዳውን በመዳፉ ይዳብሳል። አንድ ጥግ ላይ ቆርቆሮው ያንጠባጥባል፤ ምስማሩ ላልቶ ነው። እኔ ወጥ ቤት ይሆናል ብዬ ባሰብኩት ክፍል ቆሜ፣ መስኮት ባልገባለት ቀዳዳ ከተማዋን አየኋት። ጭጋጉ ውስጥ ጊንጆን ፈለግኩ፤ ከዚህ ርቀት አይለይም፣ ሁሉም ቆርቆሮና ዛፍ ነው።

አክስቴ የተደረደረ ብሎኬት ላይ ነጠላዋን ተከናንባ ተቀምጣለች። ከገባን ጀምሮ ቃል አልተነፈሰችም፤ እንዲህ ዝም ስትል አይቻት አላውቅም። በመጨረሻ ጉልበቷን ይዛ ተነሳች፣ ወለሉ መሃል ሄዳ ቆመችና ወደ ባለቤቴ ዞረች።

«አሁን ልበል?»

«የማዘጋጃ ቤቱ ወረቀት ይምጣ፣ እትዬ» አላት። «ማክሰኞ ነው ቀጠሮው።»

አፏን በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነች። ዝናቡ ትንሽ ጋብ ሲልልን ቁልቁለቱን እየተያያዝን ወረድን።