አረፋው እስኪያልቅ

ትናንት ከጣርማበር ወደ ደብረ ሲና ስወርድ የፍሬኑ ፔዳል ልስልስ አለብኝ። ልቤ ቀጥ አለች! በአንደኛ ማርሽ እየያዝኩ ቀስ ብዬ ቤት ደረስኩ።

ፍሬኑ ውስጥ አየር ገብቷል። የፍሬን ዘይት አይታመቅም፣ አየር ግን ይታመቃል። የእግርን ጉልበት የሚበላው እሱ ነው።

ዛሬ ጠዋት ታናሽ ወንድሜን ፔዳሉ ላይ አስቀመጥኩት። የፍሬኑን ዘይት ከሚገፋው ዋና ፓምፕ ከሚርቀው የኋላ ጎማ ጀመርን። «እርገጥ! ያዝ!» እላለሁ። ጎማው ጋ ያለችውን የአየር ማስተንፈሻ ቡሎን ትንሽ ላላ ሳደርጋት፣ እሷ ላይ በሰካኋት ስስ ቱቦ ውስጥ አረፋው ተንደቅድቆ ወጣ። ሳላጠብቃት እግሩን ካነሳ አየሩ ተመልሶ ይገባል። ስለዚህ መጀመሪያ አጠብቃለሁ፣ ከዚያ «ልቀቅ!»። አዲስ ዘይት እየጨመርን አራቱንም ጎማ አዳረስን። የወጣውን ዘይት ግን መልሳችሁ እንዳትጨምሩ፣ አደራ።

አሁን ፔዳሉ ጠጠር ብሏል። ሰፈር ውስጥ ደጋግሜ ሞከርኩት። ነገ እማዬን ይዤ ደብረ ብርሃን እወጣለሁ።