ሦስት ሳምንት በተሳሳተ ማስመሪያ

ሐዋሳ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ቆመው የሚውሉ ፀጉር አስተካካዮችና የሻይ ቤት አስተናጋጆች ቫሪኮስን በደንብ ያውቁታል። እግር ላይ አብጦ የሚጥመለመለው ደም ሥር ማለት ነው። ለመመረቂያ ጥናቴ የመረጥኩት ግን እብጠቱን አልነበረም፤ ግድግዳው ውስጥ ያለውን ነው።

ደም መልስ ደም ተሸክሞ ቢውልም ግድግዳው ራሱ መመገብ አለበት። ለዚህ የሚያገለግሉ ቀጫጭን ሥሮች አሉት፤ በላቲን ቫሳ ቫሶረም ይባላሉ፣ «የሥሮች ሥር» እንደማለት። ደም ቅዳ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ከውጭኛው ንብርብር ብዙም አይዘልቁም። ደም መልስ ላይ ግን ጠለቅ ብለው ይገባሉ፣ በውስጡ የሚያልፈው ደም ኦክስጅኑ ያነሰ ነውና። ታዲያ ግድግዳው ሲለጠጥና ሲወፍር እነሱ ምን ይሆናሉ? እሱን ልለካ ተነሳሁ።

ቀዶ ሐኪሞች ስበው ካወጡት የሳፌነስ ሥር (እግር ላይ ከቆዳ ሥር የሚሄደው ረጅሙ ደም መልስ)፣ ታካሚዎቹ ፈቅደው፣ ቁራጭ ቁራጭ ወሰድኩ። እንዳይበሰብስ ፎርማሊን፣ እንዲጠነክር ፓራፊን የሚባለው ሰም፣ ከዚያ 5 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊ ሜትር ሺኛ ነው) ውፍረት ያለው ቆረጣ። መብራት ጠፍቶ ቆረጣዎቹ የሚዘረጉበት የሞቀ ውሃ ገንዳ ሲቀዘቅዝ የተጨማደዱብኝን አልቆጥርም። የሥሮችን ውስጠኛ ሽፋን ለይቶ የሚይዘው የሲዲ 34 አንቲቦዲ ከነማቅለሚያው ሲጨመርበት ሥሮቹ እንደ ቡና ጠብታ ቡናማ ሆነው ይወጣሉ።

ፎቶ አንስቼ ኢሜጅጄ በሚባለው ነፃ ሶፍትዌር መለካት ጀመርኩ። ማይክሮስኮፕ ላይ የሚቀመጥ ማስመሪያ አለ፤ 1 ሚሊ ሜትር ለ100 የተከፈለ፣ አንዷ ክፍል 10 ማይክሮን። እሱን በ20 ሌንስ (20 እጥፍ በሚያጎላው) አንስቼ ለሶፍትዌሩ ልኬቱን ነገርኩት። «ግሎባል» የምትል ሳጥን ላይም ምልክት አደረግኩ፣ ጊዜ ትቆጥብልኛለች ብዬ። ጉድ የሠራችኝ እሷ ናት። ከዚያ በኋላ የሚከፈተው ምስል ሁሉ በዚያው ልኬት ይለካል። እኔ ደግሞ ሥሮቹ ሲያንሱብኝ ለአብዛኞቹ ወደ 40 ሌንስ ተሻግሬያለሁ።

ሦስት ሳምንት ለካሁ። ቁጥሮቹ ደስ ይሉ ነበር፤ ሥሮቼ ሰፋፊ! የጠረጠሩት የላብራቶሪ ባለሙያዋ ናቸው። ከኋላዬ ቆመው ስክሪኑን አዩና፣

«አንተ ልጅ፣ እስቲ ያቺን ቀይ ሴል ለካት» አሉኝ።

ከጫፍ እስከ ጫፍ መስመር ጎተትኩባት። 13 ማይክሮን።

«የእንቁራሪት ነው እንዴ?» ብለው ሄዱ።

የሰው ቀይ የደም ሴል 7 ተኩል ማይክሮን ገደማ ነው። ፓራፊን ውስጥ ደግሞ ይኮማተራል እንጂ አያድግም። በ40 ሌንስ ያነሳሁት ሁሉ እጥፍ ሆኖ ተመዝግቧል ማለት ነው። ለሁለት አካፍለህ አትገላገልም ወይ ትሉኝ ይሆናል። የትኛው ፎቶ በ20፣ የትኛው በ40 እንደተነሳ የፋይሉ ስም ላይ አልጻፍኩማ! ከዜሮ ጀመርኩ።

ሁለተኛው ዙር ላይ ሌላም ጥፋቴን አየሁ። ሸንኮራ አገዳ በሰያፍ ሲቆረጥ ፊቱ ሞላላ ይሆናል። ሥርም እንደዚያው ነው፤ ረጅሙን ጎን ከለካችሁ የቢላዋውን ማጋደል ነው የለካችሁት። አጭሩን ብቻ መውሰድ ጀመርኩ። ደግሞም ቡናማ የሆነው ሁሉ ሥር አይደለም። ሲዲ 34 በውጭኛው ንብርብር ያሉ ሌሎች ሴሎችንም ያቀልማል፤ ስለዚህ መሐሉ ክፍት ካልሆነ አልለካም አልኩ። ቦታውንም መምረጥ ተውኩ፤ ዓይኔ ሥር ወደበዛበት ነበር የሚሮጠው። ጓደኛዬ የፋይሎቹን ስም ቀያየረችልኝ፣ የቱ ካበጠው ክፍል የቱ ከደህነኛው እንደመጣ ሳላውቅ ለካሁ።

አሁን ፎልደር ስከፍት መጀመሪያ የምለካው አንዲት ቀይ ሴል ነው። ባለሙያዋም ሲያልፉ ሳይጠይቁኝ አይሄዱም።

«ስንት ወጣች?»

«6 ተኩል፣ እትዬ።»