ሚስማሩና ሸራ ጫማው

ጎንደር ውስጥ የላብራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ሥራዬ ባክቴሪያ ክፍል ነው።

አንድ ቀን ከሕፃናት ክፍል የመግል ናሙና መጣልኝ። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው «8 ዓመት፣ የእግር ቁስል» ብቻ ነው። ካልቸር አደረግኩት፤ ባክቴሪያው እንዲያድግ ምግብ ያለበት ሳህን (ፕሌት) ላይ ዘራሁት ማለት ነው። በማግሥቱ ፕሌቱ ላይ ወርቅማ ቢጫ በቅሏል። ቀለም አድርጌበት በማይክሮስኮፕ ሳየው ሐምራዊ፣ እንደ ወይን ዘለላ የተሰባሰበ። ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ (ባጭሩ ስታፍ) የሚባለው ባክቴሪያ ነው። የልጆችን ቁስል በማመርቀዝ ከእሱ የሚቀድም ብዙም የለም። ክሎክሳሲሊን የሚባለው መድኃኒት እንደሚሠራበት ጽፌ ላክኩ።

ግን ስታፍ ጤነኛ ሰውም ላይ አለ። ከ3 ሰዎች አንዱ ገደማ አፍንጫው ውስጥ ይዞት ይዞራል። ይህን እያወቅኩ ናሙናው ከየት እንደተወሰደ አልጠየቅኩም።

ከሳምንት በኋላ እናትየው ከአዘዞ መጥታ በራችን ላይ ቆመች። ልጇን አዝላዋለች። የ8 ዓመት ልጅ!

«ወንድም ዓለም፣ መድኃኒቱን ሰዓት ሳላዛንፍ ሰጠሁት። እግሩን ግን መሬት ማስነካት አልቻለም።»

«ምን ሆኖ ነው የቆሰለው?»

«ኳስ ሲጫወት ሚስማር ወጋው። ጫማውን በስቶ ነው የገባ።»

ክው አልኩ። ሚስማር የሸራ ጫማ ሶል በስቶ ሲገባ ሱዶሞናስ የሚባል ሌላ ባክቴሪያ ይዞ ሊገባ እንደሚችል ተማሪ ሳለሁ ተምሬዋለሁ። እርጥበት ይወዳል፤ ላብ የጠጣ ሶል ውስጥ ይመቸዋል። አሞክሳሲሊንም ክሎክሳሲሊንም አይበግሩትም። ከቆየ ደግሞ አጥንት ውስጥ ይገባል። የፈራሁት ይህንን ነው።

ሐኪሙ ጋ ሮጥኩ። የመጀመሪያው ስዋብ (በጥጥ የሚወሰደው ናሙና) ከላይ ካለው መግል ተጠርጎ የተወሰደ ኖሯል። አሁን ቁስሉ በሳላይን (ንጹሕ የጨው ውኃ) ታጠበ፣ ቅርፊቱ ተነሣ፣ ናሙናው ከጥልቁ ተወሰደ። በማግሥቱ ኢንኩቤተሩን ስከፍት ፕሌቱ አረንጓዴ ሆኖ ጠበቀኝ። ሱዶሞናስ። የመድኃኒት ምርመራው ሲደርስ ሲፕሮፍሎክሳሲን በተነከረችው ትንሽ ክብ ወረቀት (ዲስክ) ዙሪያ ሰፊ ባዶ ክብ ነበር፤ መድኃኒቱ ባክቴሪያውን አላሳደገውም ማለት ነው። እፎይ አልኩ።

ሐኪሞቹ ቁስሉን ከፍተው ሲያጸዱ ከውስጥ ትንሽ የሶል ቁራጭ አወጡ። መድኃኒቱም ተቀየረ።

አሁን «ቁስል» ብቻ የሚል ወረቀት ሲመጣልኝ ስልክ አነሣለሁ። ታጥቦ ነው የተወሰደው? መድኃኒት ጀምሯል? አንዳንዱ ሐኪም ይሰለቻል፤ ቢሰለችም እጠይቃለሁ። ልጁ ለቀጠሮ በእግሩ መጥቶ ነበር። ትንሽ ያነክሳል። እናቱ ከኋላው ባዶ ነጠላዋን ይዛ ትከተለዋለች።