ዳማከሴ ይሸጣል እንዴ?

ትናንት ገበያ ላይ አንድ አባት መደቤ ፊት ቆሙ። ከዘራቸውን ብብታቸው ሥር ሸጉጠው አንዱን የዳማከሴ እስር አነሱና አሸተቱት። ከደጋ የወረዱ ይመስላሉ፤ በዚያ ሁሉ ሙቀት ጋቢያቸውን አልጣሉም።

«ስንት ነው ልጄ?»

«20 ብር ነው አባቴ።»

ቅጠሉን ቀስ አድርገው ወደ ቦታው መለሱት። «ዳማከሴ ይሸጣል እንዴ?» አሉ። አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ገርሟቸዋል፣ አዝነዋልም። «ይውሰዱት አባቴ፣ ብሩን ይተዉት» ልል ስነሳ ሰው መሀል ገብተው ጠፉ። ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ዛሬ የምጽፈውም ለዚህ ነው።

እውነታቸውን ነው። እኔ ባደግሁበት ሰፈር ዳማከሴ የሚገዛ ሰው አልነበረም። ምች የመታው ሰው ልጁን ይልካል፤ ልጁ ጎረቤት ሄዶ «እናቴ ዳማከሴ ስጡኝ ብላለች» ይላል፤ ይሰጠዋል፣ አለቀ። በየግቢው አጥር ጥግ አንድ ሁለት እግር አይጠፋም። ቅጠሉ በመዳፍ ይታሻል። ጭማቂው ቡና ላይ ጠብ ይደረጋል፣ የቀረው ግንባርና አፍንጫ ላይ ይቀባል። ከዚያ ተከናንቦ መተኛት ነው። ማነው ለዚህ ዋጋ ያወጣለት?

አያቴም ብትሰማኝ ያንኑ ትለኝ ነበር። እቴቴ ነበር የምንላት። የአንኮበር ሰው ናት፣ ብርዱ አጥንት ከሚሰብርበት አገር። ልጅ ሆኜ እሷ ዘንድ ሳድር፣ ገና ወፍ ሳይንጫጫ ትነሳና ምንም ሳትናገር ትወጣለች። ብጠራት አትመልስልኝም። በጣም እፈራ ነበር፤ የተቆጣችኝ ይመስለኛል። ፀሐይ ሳትወጣ የምትፈልገውን ቆርጣ በነጠላዋ ጠቅልላ ትመለሳለች፣ ከዚያ በኋላ ነው «ደህና አደርሽ የኔ ልጅ» የምትለኝ። መድኃኒት ሲቆረጥ አይወራም። ስሙም አይነገርም፤ ከተነገረ ይረክሳል። ገንዘብም አትቀበልም ነበር። ሌላው አዋቂ ይቀበል ይሆናል፣ የእሷ ሕግ ግን ይህ ነበር።

እኔ ደግሞ እሸጣለሁ።

ሸዋ ሮቢት አጠገብ ከአባቴ የደረሰችኝ መሬት ሩብ ሄክታር እንኳ አትሞላም። ቆላ ነው፣ ውሃ ካገኘ ሁሉም ይበቅላል። ጎረቤቶቼ ሽንኩርትና ማሾ ይዘራሉ፤ እኔም ሽንኩርት እዘራ ነበር። አንድ ዓመት ዋጋው ወደቀና ጆንያ ሙሉ ሽንኩርት ደጄ ላይ በሰበሰ። ሽታው እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ላይ አለ። በዚያው ዓመት ነው ከአጥሩ ሥር የነበሩትን ዕፅዋት በደንብ ያየኋቸው። ሽፈራው አለ፣ ኒም አለ። በቦዩ ዳር ጠጅ ሳር፣ በድንጋዩ ላይ እሬት። ማንም ሳይንከባከባቸው፣ ሽንኩርቱ መድኃኒት እየተረጨለት ሲታመም፣ እነሱ ቆመዋል። ቀስ በቀስ አበዛኋቸው። ከርከዴ ጨመርኩ። ጤና አዳምን ከፓፓያው ጥላ ሥር፣ ዳማከሴውን ከማንጎው ሥር ተከልኩ፤ ሁለቱም የሮቢትን ፀሐይ በቀጥታ አይወዱትም።

ወንድሜ በመጀመሪያ ተቃወመኝ። «ቅጠል በጣሽ ይሉሻል» አለኝ። ያሉኝም ነበሩ። ይህ ስድብ እቴቴንም የሚነካ ስለሆነ ነው የሚያመኝ።

ሥራው ከሩቅ ሲታይ ቀላል ይመስላል። ቅጠል ቀጥፎ ማድረቅ፣ ከዚያ መሸጥ። ሽፈራውን ብቻ ላውራ። ዛፉ ካልተቆረጠ ሽቅብ ይሄዳል፣ ስለዚህ በደረት ቁመት እቆርጠዋለሁ፤ ከጎን በኩል ያቆጠቁጣል። ቅጠሉ ጠዋት ይቀጠፋል፣ ይታጠባል፣ ከዘንጉ ይለቀማል። ፀሐይ ላይ ከሰጣሽው አረንጓዴነቱ ጠፍቶ ቢጫ ይሆናል። ጥላ ውስጥ፣ ነፋስ በሚያልፍበት፣ በስሱ መበተን አለበት። እኔ ከሽቦ ወንፊት ቆጥ ሠርቼለታለሁ፣ ከላይም ከታችም አየር እንዲያገኘው። በበጋ 3 ቀን ይበቃዋል። ከ10 ኪሎ እርጥብ ቅጠል 2 ኪሎ ደረቅ ካገኘሁ ተመስገን ነው። ከዚያ በሙቀጫ መውቀጥ፣ በወንፊት መንፋት፣ መመዘን፣ ማሸግ አለ። እናቴና የጎረቤት ሁለት ልጆች ያግዙኛል፤ ማታ ማታ ስንለቅም ጣታችን ሁሉ አረንጓዴ ይሆናል።

እሬቱም የራሱ ነገር አለው። እናቶች ሕፃን ጡት ሲያስጥሉ የሚቀቡት መራራው፣ ከቅርፊቱ ሥር የሚወጣው ቢጫ ፈሳሽ ነው። እሱ ሆድ ክፉኛ ያስኬዳል። መሀል ያለው ንፁህ ዝልግልግ ነገር ሌላ ነው። ስለዚህ ቅጠሉን ቆርጬ ቢጫው እስኪያልቅ ወደ ታች ዘቅዝቄ አቆመዋለሁ፣ ከዚያ ነው የምልጠው። ይህን ሳያውቁ ከነቅርፊቱ ጨምቀው ጠጥተው የተሰቃዩ ሰዎች አጋጥመውኛል።

ቅባት መሥራት ስጀምር ደግሞ ያልጠበቅሁት ነገር ገጠመኝ። የኒም ቅጠል ዘይት ውስጥ ዘፍዝፌ፣ አጥልዬ፣ ሰም አቅልጬ እቀላቅላለሁ። አንድ እጅ ሰም ለአራት እጅ ዘይት ነበር ልኬ። እኛ ዘንድ፣ ከባሕር ወለል 1,300 ሜትር ገደማ ላይ፣ ገበያ ሲውል ቀልጦ ውሃ ሆነብኝ። ሰሙን ጨመርኩ፤ አንድ ለሦስት አደረግሁት። ሮቢት ላይ ቆንጆ ሆነ። ያንኑ ይዤ በደብረ ሲና አድርጌ፣ ጣርማ በርን አልፌ ደብረ ብርሃን ስወጣ፣ 2,800 ሜትር ብርድ ላይ፣ በጣት የማይነካ ድንጋይ ሆነ። አንዲት ደንበኛ «በማንኪያ ነው የምፍቀው» አለችኝ። አሁን ለቆላውና ለደጋው ለየብቻ እሠራለሁ። የአንድ ዞን ሰዎች ነን፣ አንድ ቅባት ግን አይበቃንም።

ጤና አዳም ደግሞ እቴቴን መልሶ አስታወሰኝ። አንድ ቀን ቸኩዬ በቀትር፣ እጅጌዬን ሰብስቤ፣ አንድ መደብ ሙሉ አጨድኩ። በማግስቱ ክንዴ ቀላ፣ ከዚያ ውሃ ቋጠረ። ጠባሳው ለወራት አልጠፋም። ጤና ጣቢያ ያለችው ነርስ ነገረችኝ፦ ጭማቂው ቆዳ ላይ እያለ ፀሐይ ከመታው እንደ እሳት ያቃጥላል። ያን ጊዜ እቴቴ ፀሐይ ሳትወጣ የምትወጣው ትዝ አለኝ። ለእሷ ምስጢር ነበር፣ ለእኔ አሁን ክንድን ማዳን ነው። ምናልባት ድሮ አንድ ሰው ተቃጥሎ ይሆናል ሕጉ የመጣው። ከዚያ ወዲህ እኔም ጎህ ሲቀድ፣ ረጅም እጅጌ ለብሼ ነው የምቆርጠው። ዝምም እላለሁ። ለምን እንደሆነ ለራሴም ማስረዳት አልችልም፣ ግን ዝም እላለሁ።

አንድ ክረምት ያደረግሁትን ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። ነሐሴ ነበር፣ አየሩ እርጥብ ነው፣ ትእዛዝ ደግሞ በዝቶብኛል። ሽፈራው በእጅ ሲጨመቅ ኮሽ ብሎ መሰበር አለበት። ያ ግን ኮሽ አላለም፣ ለስለስ ያለ ነበር። አወቅሁ፣ እያወቅሁ ፈጨሁት። 60 ፓኬት ሸጥኩ። በሁለተኛው ሳምንት አንዱ ሱቅ ደወለልኝ፤ ዱቄቱ ተጣብቋል፣ ግራጫ ነገር አብቅሏል። ሻግቷል ማለት ነው። ለታመመ ሰው ብዬ ሻጋታ ነው የላክሁት። በየሱቁ እየዞርኩ ሰበሰብኩ፣ የገዛውን ሁሉ እየደወልኩ እንዲጥለው ለመንኩ፣ ብሩን በቴሌብር መለስኩ። 53ቱን አገኘሁ። 7ቱን ማን እንደበላቸው እስከ ዛሬ አላውቅም። ከሰኔ እስከ መስከረም የዱቄት ሥራ ያቆምኩት ከዚያ በኋላ ነው። ክረምቱን ጠጅ ሳሩን በእርጥቡ ብቻ እሸጣለሁ፣ ገቢው ትንሽ ነው፣ ይሁን።

ከሁሉም በላይ የከበደኝ ግን አንዲት እናት ናት። ስኳር አለባት። ሽፈራው ስኳር ያጠፋል ብለው ነግረዋት፣ ከእኔ ገዝታ ኪኒኗን አቆመች። ይህን ያወቅሁት ልጇ መጥታ ስትነግረኝ ነው፤ እናቷ ወድቃ ሆስፒታል ገብታለች። እኔ ኪኒን አቁሚ አላልኳትም። ግን አታቁሚም አላልኳትም። ዝም ብዬ ነው የሸጥኩት። እግዚአብሔር ይመስገን ተረፈች፤ ሄጄም ጠየቅኋት። አልጋዋ አጠገብ ተቀምጬ እጇን ስይዝ «አንቺ ምን አደረግሽ» አለችኝ፣ እኔን ለማጽናናት። አንገቴን ደፋሁ።

በማግስቱ ፓኬቱ ላይ ጻፍኩ። ምን ቅጠል እንደሆነ፣ መቼ እንደተቀጠፈ፣ የት እንደደረቀ። «ይህ ምግብ ነው። የስኳርም የግፊትም ኪኒን አይተካም። ኪኒን የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይጠቀም።» ጤና አዳሙ ላይ «ነፍሰ ጡር አትጠጣ»። ኮሶ ደግሞ እስከነ ጭራሹ አልሸጥም። ከደጋ ዘመዶቼ አምጥቼ መሸጥ እችል ነበር፣ የሚጠይቀኝም አለ። ግን ኮሶ ሲበዛ ዓይን እስከ ማጥፋት ይደርሳል፤ የእቴቴን እጅ መጠን የማውቅ አይደለሁም፣ ለትል ደግሞ ጤና ጣቢያ ኪኒን አለ። ጽሑፉን ከለጠፍኩ በኋላ ሽያጬ ቀነሰ። አንድ ነጋዴ «ያድናል ብለሽ ካልጻፍሽ ማን ይገዛሻል?» ብሎ ፓኬቱን መለሰልኝ። ሌላ ሱቅ ፈለግሁ።

ስም መጻፍ ግን ከእቴቴ ጋር አጣላኝ። ሞታለች፣ ግን ያጣላኛል። እሷ ለሆድ ቁርጠት የምትሰጠው አንድ ሥር ነበር። ቀላ ያለ፣ ሲታኘክ መጀመሪያ የሚመር ኋላ የሚጣፍጥ። እኔንም ብዙ ጊዜ አድናኛለች። ስሙን ጠየቅኋት፤ «ጊዜው ሲደርስ» አለችኝ። ጊዜው ሲደርስ እኔ ከተማ ነበርኩ፣ እሷ መናገር አትችልም ነበር። አሁን አንኮበር በሄድኩ ቁጥር ከቤቷ በላይ ያለውን ገደል እየዞርኩ እፈልጋለሁ። አላገኘሁትም። በምስጢር የተጠበቀው ነገር ከእሷ ጋር ተቀበረ።

በዚህ ጊዜ ሁሉ የማስበው ዶክተር አክሊሉ ለማን ነው። በ1964 እንደ ፈረንጆቹ፣ አድዋ ውስጥ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየ። የቢልሃርዚያ ተሸካሚ የሆኑት ቀንድ አውጣዎች ናቸው። ከዚያ ተነስቶ ነው ዕድሜውን የሰጠው፤ በ1989 ከዶክተር ለገሰ ወልደዮሐንስ ጋር ዓለም አቀፍ ሽልማት እስኪያገኙ ድረስ። እንዶድን እናቶቻችን ሁሉ ያውቁታል። በግላጭ፣ ወንዝ ዳር፣ እየተሳሳቁ ነው የሚያጥቡበት። ማንም ስለነገረው አልረከሰም። እቴቴን አግኝቼ ይህን ብነግራት ምን ትለኝ ይሆን እላለሁ። ምናልባት «እንዶድ መድኃኒት ነው እንዴ? ሳሙና ነው እንጂ» ትለኝ ይሆናል።

እንግዲህ ሌሊቱን ሳወጣ ሳወርድ ያደርኩት ይህን ነው። የምሸጠው ምኑን ነው? ሽፈራው ላይ የምቀበለው የማድረቂያውን፣ የመንፊያውን፣ የ3 ቀኑን ጥበቃ ዋጋ ነው፤ የልጆቹን የመልቀሚያ ዋጋም አለበት፣ እነሱ በዚያ ደብተር ይገዛሉ። ቅባቱም እንደዚያው። ይህን ለአባትዬው ማስረዳት እችላለሁ፣ አላፍርበትም። ዳማከሴውን ግን ምን አደረግሁለት? ቆርጬ በገመድ ከማሰር በቀር ምንም። እሱ ለጎረቤት የሚሰጥ ነገር ነው። በዚያ ላይ የሚፈልገው ሰው ታሞ ነው የሚመጣው፣ አንዳንዱ 20 ብር እንኳ ሳይዝ።

ዛሬ ጠዋት ዝናቡ ሳይመጣ ከማንጎው ሥር 6 እግር ነቅዬ ከአጥሩ ውጭ፣ መንገዱ ዳር፣ የዋንዛው ጥላ የሚያርፍበት ላይ ተከልኩት። እናቴ ስታየኝ ቆየችና «በግ ይበላዋል» አለች። ሄዳ እሾህ አምጥታ ዙሪያውን አጠረችልኝ፣ የሰው እጅ የሚያስገባ ክፍተት ትታ። በቀጣዩ ገበያ ያንን አባት ካገኘኋቸው ቦታውን አሳያቸዋለሁ፤ ከመናኸሪያው በእግር 20 ደቂቃ ቢሆን ነው።

ማታ ውሃ ላጠጣው ስወጣ አንዱ እግር ላይ ሁለት ቅርንጫፍ ተቀጥፏል። ገና አልያዘም እኮ፣ ቅጠሉ እንኳ ጠውልጎ ነበር። የቀጠፈው ሰው ከላይ ነው የሰበረው፣ ከታች ያሉትን ጉጦች ሳይነካ።