የሬይድ ካርድ ባትሪ ሲደክም

ዲስኮቹ ሁሉ አረንጓዴ እያበሩ ዳታቤዙ ግን ድንገት መንፏቀቅ ከጀመረ፣ ኔትወርኩን ከመበርበር በፊት የሬይድ ካርዱን፣ ማለትም የሰርቨሩን ዲስኮች አጣምሮ የሚያስተዳድረውን ካርድ፣ ባትሪ ማየት ይሻላል። እንደ ዴል ፐርክ 6አይ ባሉ ያረጁ ካርዶች ላይ ይሄ የተለመደ ነው።

ካርዱ 256 ሜጋባይት ካሽ (ኃይል ሲቋረጥ የሚጠፋ ፈጣን ጊዜያዊ ማኅደር) አለው። በራይት ባክ ሲሠራ የመጣለትን ዳታ ካሹ ላይ ያስቀምጥና ወዲያው «ተጽፏል» ብሎ ይመልሳል፤ ዲስክ ላይ የሚያሰፍረው ግን ቆየት ብሎ ነው። በዚያ መሃል መብራት ቢጠፋ ካሹን በሕይወት የምታቆየው 3.7 ቮልት፣ 7 ዋት ሰዓት የሆነች አንዲት ሊቲየም አዮን ባትሪ ናት። ባትሪዋ ለ24 ሰዓት መያዝ ሲያቅታት ካርዱ ራሱ ወደ ራይት ትሩ ይዞራል፤ ማለትም ዲስኩ ላይ ሳይሰፍር «ተጽፏል» አይልም። ሬይድ 5 ላይ (ዳታው ከመጠባበቂያ ስሌቱ ጋር በዲስኮቹ ላይ የሚከፋፈልበት አሠራር) ደግሞ ትንሽ ዳታ መጻፍ እንኳ ሁለት ማንበብና ሁለት መጻፍ ስለሚጠይቅ ድካሙ ወዲያው ይታያል።

ቢሆንም መዘግየት ሁሉ የባትሪ ሞት አይደለም። ካርዱ በየ90 ቀኑ ገደማ ባትሪዋን አራግፎ እንደገና ይሞላል፤ ለርን ሳይክል የሚባለው ይሄ ነው። ይህ ለሰዓታት ሲቆይ ፐርክ 6 በራይት ትሩ ይሠራል። ስለዚህ መጀመሪያ የካርዱን ሎግ (የሥራ መዝገብ) ማየት ነው። ዑደቱ አልቆም ወደ ራይት ባክ ካልተመለሰ፣ ወይም ሎጉ ባትሪዋ ትቀየር ካለ፣ ያኔ መግዛት።

እዚህ ላይ አንድ ፈተና አለ፦ ባትሪ ባይኖርም ራይት ባክን በግድ ማስኬድ ይቻላል። «ዩፒኤስ አለን» ይባላል። ዩፒኤስ የሚከላከለው ከግድግዳው የሚመጣውን መቋረጥ ነው፤ ፓወር ሰፕላይ ሲቃጠል፣ ማዘርቦርድ ሲሞት ወይም አንድ ሰው የተሳሳተ ገመድ ሲነቅል ምንም አይረዳም። ባትሪው እስኪመጣ ድረስ ቀርፋፋ ሰርቨር ይዞ መክረም የተበላሸ ዳታቤዝ ከመጠገን በብዙ ይቀላል።

ሲገዛ የተመረተበትን ዓመት ማየት ግድ ነው። ሊቲየም አዮን መደርደሪያ ላይ ተቀምጦም ያረጃል፤ ከቆየ ሰርቨር ተነቅሎ እንደ አዲስ የሚሸጥም አለ። ከውጭ ዘመድ በአውሮፕላን የሚያመጣው ከሆነ በእጅ ሻንጣ ይያዘው፣ የሚጫን ሻንጣ ውስጥ ትርፍ የሊቲየም ባትሪ አይፈቀድም። ጫፎቹ እንዳይነካኩ መሸፈንም አለባቸው።

ሥራው ራሱ አጭር ነው። ባካፕ መኖሩን አረጋግጦ፣ በግድ የተከፈተ ራይት ባክ ካለ ዘግቶ፣ ሰርቨሩን በሥርዓቱ ማጥፋት፤ ካሹ ውስጥ የቀረው ወደ ዲስክ የሚወርደው ያኔ ነው። በድንገት የጠፋ ሰርቨር ከሆነ ግን ባትሪዋ አትነካም! ያልተጻፈው ዳታ ካሹ ውስጥ ሊኖር ይችላልና መጀመሪያ ከነዲስኮቹ አስነስቶ እስኪያወርድ መጠበቅ ያስፈልጋል። ከዚያ በኋላ ነው የሁለቱንም ፓወር ሰፕላይ ገመድ ነቅሎ፣ ማብሪያውን ለጥቂት ሰከንድ ተጭኖ፣ የጸረ ስታቲክ አምባር አስሮ ክዳኑን መክፈት።

ባትሪዋ ብዙ ጊዜ ከካርዱ ጋር በገመድ ተያይዛ በፕላስቲክ መያዣ ውስጥ ትቀመጣለች። ሲነቀል ሶኬቱን ይዞ ነው እንጂ ገመዱን አይጎተትም፤ ቀጫጭን ሽቦዎቹ በቀላሉ ይበጠሳሉ። ያበጠች ባትሪ መያዣዋ ውስጥ ትጣበቃለች፤ በጠመንጃ መፍቻ ፈልቅቆ ማውጣት እሳት መጥራት ነው፣ ፕላስቲኩን ከጎን በቀስታ ማላላት ይሻላል። የወጣችውም ወደ ቆሻሻ አትጣልም።

ሰርቨሩ ሲነሳ አዲሷ ባትሪ የለችም ከተባለ አብዛኛውን ጊዜ ሶኬቱ እስከ መጨረሻው አልገባም። ከታየች ደግሞ ገና በቂ ቻርጅ ስለሌላት ለሰዓታት ራይት ትሩ ይቀጥላል፤ ይሄን አይተው «አዲሷም አትሠራም» ብለው የሚመልሱ አሉ። ሞልታ ስታበቃ ግን ሁለት መስመር ማነጻጸር ያስፈልጋል፦ ለቨርቹዋል ዲስኩ (ካርዱ ዲስኮቹን አጣምሮ እንደ አንድ ለሚያሳየው) የተሰጠው ፖሊሲና አሁን በሥራ ላይ ያለው። የተሰጠው ራይት ባክ ከሆነ ካርዱ ራሱ ይመለሳል። ቀድሞ በእጅ ራይት ትሩ የተደረገ ከሆነ ግን ባትሪዋ ብትሞላም እንዲያው ይቆያል፤ በእጅ የተቀየረ በእጅ ካልተመለሰ ለውጥ የለም።