ጋፋት ደርሶ መልስ

ዛሬ ማለዳ ከጎንደር ተነሥተን በወረታ በኩል ወደ ደብረ ታቦር ተጓዝንና ከከተማዋ አቅራቢያ የሚገኘውን ጋፋትን ጎበኘን። ጋፋት ዐፄ ቴዎድሮስ አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎችን አስፍረው መድፍ ያሠሩበት ቦታ ነው። ቴዎፊል ቫልድማየርን የመሳሰሉት ሰዎች አገራችን የገቡት በሚስዮናዊነት በመሆኑ መጀመሪያ ማንገራገራቸው አልቀረም፤ ንጉሡ ግን እምቢታ የሚቀበሉ ሰው አልነበሩም።

ከሥራዎቻቸው ሁሉ የገነነው 70 ኩንታል ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል ነው። እኔን ከመድፉ መሠራት ይልቅ የሚገርመኝ ጉዞው ነው፤ ንጉሡ በ1860 ዓ.ም. ደብረ ታቦርን አቃጥለው ሲነሡ፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች መድፉን በሠረገላ እየጎተቱ፣ መንገዱንም ከፊት ከፊት እየጠረጉ፣ የጅጣንና የበሽሎን ገደል ተሻግረው መቅደላ እስኪደርሱ ወራት ፈጅቶባቸዋል። ንጉሡም ከሠራተኛው ጋር ድንጋይ ያነሡ ነበር። ያን ያህል የተደከመበት መድፍ በውጊያው የፈየደው ነገር ሳይኖር ሚያዝያ 6 ቀን መቅደላ ወደቀች፤ ሴባስቶፖል ግን ዛሬም እዚያው አለ።

እኛ ጎንደሬዎች በዚህ ንጉሥ ነገር ሁለት ልብ ነን። በ1859 ዓ.ም. ከተማችንን ከነአብያተ ክርስቲያናቷ ያቃጠሉት እሳቸው ናቸው፤ ሐውልታቸው ደግሞ ፒያሳ መሃል ቆሟል! ያም ሆኖ በ1972 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበውን ፋሲል ግቢን አይቶ ለሚወጣ እንግዳ፣ አስጎብኚዎቻችን ጋፋትንም ቢያሳዩት ደስ ይለኛል፤ ማልዶ ለተነሣ ሰው በአንድ ቀን ደርሶ መመለስ ይቻላል።