በዘመድ ነው፣ ግን ቅጽ አለው

አበሻ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ ቡና ከጠጣ ወሬው ዞሮ ዞሮ የማን ልጅ የት ኮሌጅ ገባ ነው። ምክሩም ለዓመታት ያው ነበር። ማመልከቻ ቅጹ ላይ ጥቁር የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት ታድርግ፣ ከቅጹ ጋር በምትልከው ጽሑፍ (ኤሴይ) ላይ ስለ ስደት ትጻፍ፣ በቃ ትገባለች።

የእኔዋ ስታመለክት ያ ምክር አልፎበታል። በፈረንጆቹ ሰኔ 2023 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሃርቫርድና በኖርዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ጉዳይ ላይ ፈርዶ፣ ኮሌጆች የተማሪን ዘር እያዩ እንዳይቀበሉ ከልክሏል። ዘሩ ሕይወቱን እንዴት እንደነካው በኤሴይ መተረክ ግን አልተከለከለም። ሳጥኑም ቅጹ ላይ አለ፤ ልጄ ሞላችው።

ወላጅ የሚለው ገጽ ላይ ስትደርስ ጠራችኝ።

"አባዬ፣ የተማርክበትን ዩኒቨርሲቲ ንገረኝ።"

"ለምን ይፈልጉታል?"

አባት ወይ እናት እዚያው ኮሌጅ የተማሩ እንደሆነ ለልጃቸው ይጠቅማል አለችኝ። ሌጋሲ ይሉታል።

"በዘመድ ነዋ!"

"በዘመድ ነው አባዬ፣ ግን ቅጽ አለው።"

ማትሪክ ተፈትኖ ስድስት ኪሎ ለገባ ሰው ይሄ አይዋጥም። የሃርቫርድ ክስ ላይ የወጣውን መረጃ ሳነብ ደግሞ ባሰብኝ። በዚያን ጊዜ የቀድሞ ተማሪ ልጆች ከሆኑት ከሦስት አንዱ ገደማ ይገባ ነበር። ካልሆኑት ከመቶ ስድስት ገደማ። ከገቡት ነጮች 43 በመቶው ስፖርተኛ፣ ሌጋሲ፣ የመምህር ወይም የሠራተኛ ልጅ፣ ወይም የቅበላ ኃላፊው (ዲኑ) በልዩ የሚያያቸው ነበሩ። ፍርድ ቤቱ ዘርን ሲያስወጣ ይሄን አልነካውም። ኤምአይቲ የሚባለውን የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ብታዩ ሌጋሲ አያውቅም፤ እዚያ እንኳ ከፍርዱ በኋላ በመጀመሪያው ዓመት የጥቁር ተማሪዎች ድርሻ ከ13 በመቶ አካባቢ ወደ 5 ወርዷል።

ቡና ላይ የማይነሳው ግን ሌላ ነው። አብሮኝ የሚሠራ ሳውዝ ካሮላይና ያደገ ጥቁር አሜሪካዊ ሽማግሌ አለ። አያቱ የሰው ጥጥ ሲለቅሙ ኖረው የሞቱ ናቸው። ስለ ልጄ ሳወራው ሳይቆጣ እንዲህ አለኝ፦ "ያ በር የተከፈተው ለእኛ ነበር፤ እናንተ ቀድማችሁ ገባችሁ።" ልከራከረው አልቻልኩም። ገና በ2004 ሄንሪ ሉዊስ ጌትስና ላኒ ጊኒየር የሚባሉ የሃርቫርድ ፕሮፌሰሮች ይህንኑ አንስተው ነበር። እዚያ ካሉት ጥቁር ተማሪዎች አብዛኞቹ የካሪቢያንና የአፍሪካ ስደተኞች ልጆች፣ ወይም ቅልቅል ናቸው ብለው። እኛ በነጩ ሌጋሲ እንበሳጫለን፣ እሱ ደግሞ በእኛ ቢበሳጭ አይፈረድበትም።

የእኛ ስቴት ሜሪላንድ በ2024 ሌጋሲን ለመንግሥትም ለግልም ኮሌጆች በሕግ ከልክሏል። ባልቲሞር ያለው ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ከዚያ በፊት ራሱ ትቶታል። ልጄም ዝርዝሯ አናት ላይ ያስቀመጠችው እሱን ነው። እናቷ በጣም ደስ ብሏታል። የእሷ ምክንያት ግን ሕጉ አይደለም፤ ባልቲሞር ቅርብ ነው፣ እንጀራ ይደርሳታል።